ከቀለም ቅብ ሥራ በፊት ክፍሎችን፣ ወለልንና የቤት ዕቃን ከጉዳት ስለ መጠበቅ

ቤትን ወይም ቢሮን በባለሙያ ቀለም ማስቀባት በአብዛኛው በወጪ ብቻ የሚመዘን ሥራ ነው። ባለንብረቱ የቀለሙን ዓይነትና ዋጋ ይጠይቃል፤ ከቀለም ቀቢው ጋር በእጅ ዋጋ ይነጋገራል፤ ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅም ያሰላል። ወለሉ፣ መስኮቱ፣ የቤት ዕቃውና በቤቱ የሚኖረው ሰው እንዴት ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ባለሙያው መሰላሉን ዘርግቶ ባልዲውን ከከፈተ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት በእጅ የሚገኘው መሸፈኛ አሮጌ ጋዜጣና የተቀደደ አንሶላ ብቻ ይሆናል።

ይህ መረጃ ቤታቸውን ለማስቀባት ለሚያስቡ ባለንብረቶችና ተከራዮች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከሥራው በፊት ምን መነሣት፣ ምን መሸፈን፣ ምንስ በስምምነት መወሰን እንዳለበት ያብራራል። ወለል ላይ የሚንጠባጠብ ቀለም ከጉዳቶቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። አሮጌ ቀለም ሲፋቅ የሚነሣው አቧራ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከማንኛውም ጠብታ የከበደ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ሰፋ ያለ ማብራሪያ ተሰጥቶበታል።

የመሸፈኑ ኃላፊነት የማን ነው?

የእጅ ዋጋ በካሬ ሜትር ወይም በጥቅል ሲነገር ባለንብረቱ ዕቃ ማንሣቱና ወለል መሸፈኑ በዚያው ውስጥ እንደተካተተ ያስባል። ቀለም ቀቢው ደግሞ የተስማማው ግድግዳና ኮርኒስ ለመቀባት ብቻ እንደሆነ ያምናል። ሁለቱም በቅን ልቦና ነው የሚያስቡት፤ ይሁን እንጂ ፓርኬው ላይ የዘይት ቀለም ከፈሰሰ በኋላ ቅን ልቦናው ወደ ክርክር ይለወጣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2610 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች፣ አንድ ሥራ ተቋራጭ በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት፣ አሠሪውም ዋጋውን ለመክፈል የሚገቡትን ውል ይገዛል። ሕጉ ግን በየክፍሉ የትኛው ወለል በምን እንደሚሸፈን አይዘረዝርም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የተዋዋዮቹ ስምምነት ነው። ስለሆነም ሥራው አነስተኛ ቢሆን እንኳ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ዕቃውን ማን እንደሚያነሣና እንደሚመልስ፣ ላስቲኩን፣ ሸራውንና ፕላስተሩን ማን እንደሚገዛ፣ ፍርስራሹንና ባዶ ጣሳዎቹን ማን እንደሚያስወግድ፣ መስታወት ቢሰበር ወይም ወለል ቢበላሽ ማን እንደሚተካ በጽሑፍ አስፍሮ ሁለቱም ወገኖች ቢፈርሙበት ይመከራል። የመሸፈኛ ዕቃዎች ዋጋ ከቀለሙ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ አንድን የተበላሸ የእንጨት ወለል አስፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ከማስቀባት ጋር ደግሞ ጨርሶ አይወዳደርም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ክፍል ወለል፣ የመስኮቶቹን መስታወት፣ የበሮቹንና የቁም ሳጥኖቹን ሁኔታ በስልክ ፎቶግራፍ ማስቀረት ጠቃሚ ነው። ይህ ማስረጃ የሚጠቅመው ባለንብረቱን ብቻ አይደለም። ቀድሞ የነበረ ጭረት ወይም ስንጥቅ በስሙ እንዳይመዘገብበት ለባለሙያውም መከላከያ ነው።

የተከራየ ቤት በሚሆንበት ጊዜ ተከራዩ ከማስቀባቱ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ማግኘት ይኖርበታል። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ የሚደረግና የሚመዘገብ በመሆኑ፣ ስለ ዕድሳትና ስለ ቀለም የተደረሰውን ስምምነት ከዚያው ውል ጋር አያይዞ ማስቀመጥ ቤቱ በሚመለስበት ጊዜ የሚነሣውን ጥያቄ ያቃልላል። በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያ የሆኑት ክፍሎች፣ ለምሳሌ ደረጃውና ኮሪደሩ፣ የአንድ ቤት ባለቤት ብቻ የሚያዝባቸው አይደሉም። ቀለምና ዕቃ የሚወጣበትን ደረጃ መሸፈን፣ የሥራውን ቀን ለማኅበሩና ለጎረቤት አስቀድሞ ማሳወቅ፣ መተላለፊያውን በጣሳና በመሰላል አለመዝጋት የአስቀቢው ግዴታ እንደሆነ ሊቆጠር ይገባል።

የሥራው ጊዜ

ብዙ ቤተሰብ ቤቱን የሚያስቀባው ለእንቁጣጣሽ፣ ለሠርግ ወይም ለፋሲካ ነው። ከእነዚህ መካከል ለአዲስ ዓመት ተብሎ በነሐሴና በጳጉሜን የሚከናወነው ሥራ ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። በዚህ ወቅት ግድግዳው የክረምቱን እርጥበት እንደያዘ ነው፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ቆይቶ ይነፋል፣ ይላጣል። በተጨማሪም በዝናብ ምክንያት መስኮት ስለማይከፈት አቧራውና የቀለሙ ሽታ በክፍሉ ውስጥ ታፍኖ ይቆያል። ከውጭ የወጡ ዕቃዎችም ዝናብ ይመታቸዋል። የሚቻል ከሆነ ሥራውን ዝናቡ ካበቃ በኋላ ማድረግ ይመረጣል። በበዓሉ ምክንያት ካልተቻለ ግን ጣሪያ የሚያፈስበትንና ግድግዳው እርጥበት የያዘበትን ቦታ አስቀድሞ ማስጠገን፣ ዕቃ የሚያርፍበትን ደረቅ ክፍልም አዘጋጅቶ መጠበቅ ግድ ይላል።

ቤቱን ሁሉ በአንድ ቀን ለማስቀባት ከመሞከር ይልቅ ክፍል በክፍል መሄድ የተሻለ ነው። አንዱ ክፍል ሲቀባ ሌላው የዕቃ ማስቀመጫና የመኝታ ቦታ ይሆናል። አንድ ክፍል ብቻ ያላቸው ቤተሰቦች ግን ይህ ምርጫ የላቸውም። ለእነርሱ ሥራው በሚካሄድባቸው ቀናት ቢያንስ ሕፃናቱና ነፍሰ ጡሮች በዘመድ ወይም በጎረቤት ቤት የሚያድሩበትን መንገድ አስቀድሞ ማመቻቸት ከመሸፈኑ ሥራ እኩል የዝግጅቱ አካል ነው።

ክፍሉን ባዶ ማድረግ

መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ አልጋ ልብስና ትራስ ሙሉ በሙሉ ከክፍሉ መውጣት አለባቸው። ጨርቅ አቧራንና ሽታን ስለሚይዝ ላስቲክ ቢለብስም አስተማማኝ አይሆንም። በግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ሥዕሎች፣ ፎቶግራፎችና ሰዓቶች ተነሥተው ምስማሮቹም ተነቅለው ቀዳዳቸው በስቱኮ ይደፈናል። መጻሕፍትና ሰነዶች፣ በተለይ የቤት ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃዎች፣ በካርቶን ታሽገው ከቤት ዕቃ ክምር ውጭ ባለ ቦታ ቢቀመጡ ይመረጣል፤ በዕድሳት ግርግር የጠፋ ሰነድ ለመተካት የሚጠፋው ጊዜ ቀላል አይደለም።

ከክፍሉ ሊወጣ የማይችል ከባድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ቁም ሳጥን፣ ቡፌ ወይም ሶፋ፣ ወደ ክፍሉ መካከል ተሰብስቦ ከግድግዳው ሠራተኛው መሰላል ዘርግቶ ሊያልፍ የሚችልበትን ያህል ይርቃል። ከዚያም ክምሩ በሙሉ ከላይ እስከ ወለል በላስቲክ ተሸፍኖ ግርጌው በፕላስተር ይያያዛል። ከላይ ብቻ የተጣለ ላስቲክ ጠብታን ይከለክላል እንጂ አቧራን አይከለክልም፤ አቧራው ከሥር ይገባል።

ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተርና ሌሎች የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ከሶኬት ተነቅለው ይወጣሉ። ማቀዝቀዣ በሥራ ላይ እያለ በላስቲክ መሸፈን የለበትም። ሞተሩ የሚያመነጨው ሙቀት መውጫ አጥቶ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። መሸፈን ካለበት መጀመሪያ ይጠፋል፤ ምግቡም ይወጣል።

ስለ ማጀትና ስለ ምግብ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። በእንስራ ወይም በባልዲ የተቦካ ሊጥ፣ የተሰጣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤና ቡና ሽታን በቀላሉ የሚስቡ ናቸው። ክዳናቸው ቢዘጋም ከሚቀባው ክፍልና ከአጎራባቹ ማጀት መራቅ ይኖርባቸዋል። አቧራ የገባበት ሊጥ ወይም ዱቄት ተነፍቶ ለምግብ መዋል የለበትም። የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያዎችም መከደናቸው ይረጋገጥ።

ወለል

ወለል በቀለም ሥራ ወቅት ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚደርስበት ክፍል ነው፤ ጉዳቱም እንደ ወለሉ ዓይነት ይለያያል። ሴራሚክ በአንጻሩ ቻይ ነው። በላዩ የደረቀ የውሃ ቀለም በሙቅ ውሃና በመፋቂያ ይነሣል፤ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ቦይ ግን ቀለም ይመጣል። ቴራዞና እብነ በረድ ቀዳዳዎች ስላሏቸው ቀለምን፣ በተለይም የዘይት ቀለምንና ቫርኒሽን፣ ወደ ውስጥ ይስባሉ። እድፉን ለማስለቀቅ አሲድ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ፤ ይህ ጉዳቱን ያባብሰዋል። እብነ በረድና በቴራዞ ውስጥ ያለው ጠጠርና ሲሚንቶ በአሲድ ስለሚበሉ ወለሉ አንጸባራቂነቱን አጥቶ ይሻክራል። ሎሚና ኮምጣጤም በመጠኑ ይህንኑ ያደርጋሉ። የእንጨት ወለልና ፓርኬ ደግሞ ከቀለሙ ይልቅ በመሰላል እግርና በተጎተተ ዕቃ ይጫራሉ፤ በጋዜጣ ሥር የሰነበተ ውሃም ያብጣቸዋል።

ጋዜጣ ለወለል መሸፈኛነት አይበቃም። ቀለም ያሳልፋል፤ ሲረግጡት ይቀደዳል፤ ሲረጥብም የኅትመት ቀለሙ በፓርኬና በቴራዞ ላይ ሊታተም ይችላል። ስስ ላስቲክ ፈሳሽ አያሳልፍም፤ ነገር ግን ያንሸራትታል፣ በላዩ የወደቀው ጠብታም ሳይደርቅ ቆይቶ በጫማ ወደ ሌላ ክፍል ይተላለፋል። ባለሙያዎች የሚመርጡት ሁለት ንብርብር ማድረግን ነው፤ ከሥር ወፍራም ላስቲክ፣ ከላይ ደግሞ ሸራ፣ ወፍራም ካርቶን ወይም የተተረተረ ኬሻ። ላስቲኩ ፈሳሹን ይከለክላል፤ ሸራው ጠብታውን ይመጥጣል፣ እግርንም ይይዛል። የላስቲኩ ጠርዝ በግድግዳው ግርጌ ባለው ዞኮሎ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ካልተያያዘ፣ በመሃል የቱንም ያህል ቢወፍር ቀለሙ የሚፈሰው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። መሰላል በላስቲክ ላይ በቀጥታ መቆም የለበትም። እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ላይ የማያንሸራትት ጎማ ወይም ሸራ ይነጠፋል።

በርካታ ቤቶች የኮንክሪት ወለላቸው በፕላስቲክ ንጣፍ የተሸፈነ ነው። ቲነር ወይም አኳራጅ የፈሰሰበት የፕላስቲክ ንጣፍ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ይለቃል፤ ይህ ጉዳት አይመለስም። ንጣፉ ያልተለጠፈ ከሆነ ጠቅልሎ ማውጣት ከመሸፈን ይሻላል።

የጭቃ ቤቶች የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ኮርኒሳቸው በአቡጀዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ከሆነ፣ የዓመታት አቧራና የአይጥ ቆሻሻ በላዩ ተጠራቅሞ ይገኛል። ኮርኒሱ በብሩሽ ሲነካ ይህ ሁሉ በስፌቱ በኩል ይወርዳል። ስለዚህ በእነዚህ ቤቶች ዕቃ መሸፈን የሚጀመረው ቀለም ከመምጣቱ በፊት፣ ኮርኒሱ ሲራገፍ ነው። ኖራ በሚቀባበት ጊዜም ኖራው ዓይንንና ቆዳን የሚያቃጥል መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ዓይን ውስጥ የገባ ኖራ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ደቂቃዎች ታጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድን ይጠይቃል። ኖራ የአሉሚኒየም መስኮትን የሚበላ፣ መስታወትንም የሚያደበዝዝ ስለሆነ እነዚህ መሸፈናቸው፣ የነካቸውም ሳይደርቅ መታጠቡ አስፈላጊ ነው።

በር፣ መስኮትና ማብሪያ ማጥፊያ

የበር እጀታና ቁልፍ፣ የመጋረጃ ዘንግ፣ የመብራት ክዳን በቀላሉ የሚፈታ ከሆነ ተፈትቶ መቀመጥ አለበት። የእያንዳንዱ በር ብሎኖች ለየብቻ በትንሽ ከረጢት ገብተው የክፍሉ ስም ቢጻፍባቸው፣ ሥራው ሲያልቅ የሚባክነው ጊዜ ይቀንሳል። የበር ማጠፊያ ላይ ቀለም እንዲደርቅ የፈቀደ ባለንብረት ከጥቂት ወራት በኋላ የሚንጫጫ በር ያገኛል።

የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳን ከመፈታቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ከብሬከሩ መጥፋት ይኖርበታል። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም፤ ሶኬቱ ውስጥ ያለው መስመር ኃይል እንደያዘ ይቆያል። እርጥብ ብሩሽና ስቱኮ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ክዳኑ የማይፈታ ከሆነ ዙሪያው በፕላስተር ይሸፈናል። የበራ አምፖልን በላስቲክ ወይም በወረቀት መጠቅለል ለእሳት ያጋልጣል።

ለጠርዝ የሚያገለግለው ማስኪንግ ቴፕ ተብሎ የሚሸጠው የወረቀት ፕላስተር ነው። ቡናማው የካርቶን ማሸጊያ ስኮች በርካሽ ቢገኝም ሙጫው በእንጨትና በአሉሚኒየም ላይ ይቀራል፤ ሲነሣም ነባሩን ቀለም ይዞ ይወጣል። የወረቀቱም ፕላስተር ቢሆን አቧራ ባለበት ቦታ አይይዝም። መቃኑና የመስታወቱ ጠርዝ መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ሲደርቅ ተለጥፎ ጠርዙ በጣት ጥፍር ወይም በመፋቂያ ጫፍ ይጫናል። ፕላስተሩ የሚነሣው የመጨረሻው ቅብ ሙሉ በሙሉ ከመድረቁ በፊት፣ ወደ ኋላ ታጥፎ በቀስታ እየተሳበ ነው። ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለቀናት ከቆየ ሙጫው ይጋገራል። ልምድ ያለው ቀለም ቀቢ አንዳንዱን ጠርዝ ያለ ፕላስተር በእጁ ቢቆርጥ ተቃውሞ ሊነሣበት አይገባም፤ ቀለም በስፕሬይ የሚረጭ ከሆነ ግን መስኮቱ፣ በሩ፣ ሶኬቱ፣ ቧንቧውና መታጠቢያ ገንዳው ያለ ልዩነት ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለባቸው።

የአሮጌ ቀለም አቧራ

ነባር ቀለም ሲፋቅና በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚነሣው አቧራ ሁሉም ዓይነት ለሳንባ መጥፎ ነው። ከእነዚህ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት አቧራ ግን በተለየ ሁኔታ መታየት አለበት። እርሳስ ለረጅም ዓመታት በቀለም ውስጥ የተጨመረው ቀለሙ እንዲደምቅ፣ ፈጥኖ እንዲደርቅና እንዲቆይ ለማድረግ ነው። በብዛት የሚገኘውም በዘይት ቀለሞች፣ ከእነርሱም በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ ቀለማት ውስጥ ነው። በቤት ውስጥ ይህ ማለት የብረት በርና መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የብረት አልጋና የልጆች ዕቃ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረው የእርሳስ መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ገድቧል። ደንቡ የሚገዛው የሚመረተውን፣ የሚገባውንና የሚሸጠውን ቀለም ነው፤ ከዚያ በፊት ተቀብቶ በግድግዳና በበር ላይ ያለውን ቀለም ከቦታው አያነሣውም። በአሮጌ ቤቶች በአንዱ ቅብ ላይ ሌላው እየተደረበ ብዙ ንብርብር ይገኛል፤ ላይኛው ንጹሕ መሆኑ ስለ ታችኛው ምንም አይናገርም። በዓይን በማየትም ሆነ በማሽተት እርሳስ ያለበትን ቀለም መለየት አይቻልም። ስለዚህ ዕድሜው ያልታወቀ የዘይት ቀለም ሁሉ እርሳስ እንዳለበት ተቆጥሮ ቢሠራ ይመረጣል።

ያልተነካና ያልተላጠ አሮጌ ቀለም ወዲያውኑ አደጋ አይፈጥርም። አደጋው የሚጀምረው ሲፋቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን የለም፤ ትንንሽ ልጆችም ከአንድ ምንጭ ወደ አፋቸው ከገባው እርሳስ ውስጥ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት መጠን ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ልጆች ወለል ላይ ይድሃሉ፣ እጃቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። በአንጎል ዕድገትና በመማር ችሎታ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም የሚታይ ሕመም ሳያሳይ የሚቆይና የማይመለስ ሊሆን ይችላል። በነፍሰ ጡር ሴት ሰውነት ውስጥ የገባ እርሳስ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል።

ከዚህ የተነሣ አሮጌ የዘይት ቀለም በደረቁ መፈግፈግ የለበትም። ቦታው በውሃ እየረጠበ በእርጥቡ ይፋቃል፤ ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት በገበያ ይገኛል። በኤሌክትሪክ አካባቢ ውሃ ስለማይረጭ እዚያ በእጅ መፋቂያ በጥንቃቄ ይሠራል። ቀለሙን በእሳት ነበልባል አቃጥሎ ማንሣት ብረት በሚበዛባቸው ቤቶች የተለመደ ቢሆንም እርሳሱን ወደ ጢስ ስለሚለውጠው ፈጽሞ አይመከርም። ከመፋቁ በፊት ወለሉ በላስቲክ ተሸፍኖ ከግድግዳው ጋር ይያያዛል፤ ወደ ሌላ ክፍል የሚወስደው በር ከላይ በተሰቀለ ላስቲክ ይጋረዳል። በውጭ በር ላይ የሚሠራ ከሆነም ከሥሩ ያለው አፈርና የአትክልት መደብ ይሸፈናል፤ በአፈር ውስጥ የገባ የቀለም ፍቅፋቂ ዶሮና ልጅ ይለቅመዋልና።

ሠራተኛው የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ማድረግ አለበት። ተራ የጨርቅ ጭምብል ደቃቅ አቧራን ስለማይከለክል ለአቧራ ሥራ የተዘጋጀው ጭምብል ያስፈልጋል። በሥራው ቦታ አይበላም፣ አይጠጣም፤ የሥራ ልብሱም ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብም። ይህ የቀለም ቀቢውን ልጆችም የሚመለከት ነው፤ አባት በልብሱና በጫማው የሚያመጣው አቧራ በራሱ ቤት ወለል ላይ ይራገፋልና።

የተፋቀው ቀለም በመጥረጊያ አይጠረግም፤ መጥረጊያ ደቃቁን ክፍል መልሶ ወደ አየር ያነሣዋል። ላስቲኩ ከዳር ወደ መካከል ተጠቅልሎ ከነፍቅፋቂው ይታሸጋል፤ ወለሉ፣ የመስኮት ደፉና ዞኮሎው በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጠረጋሉ። ጨርቁ የሚጨመቅበት ውሃ በየጊዜው መለወጥ አለበት። የታሸገው ፍቅፋቂ አይቃጠልም፣ በጓሮም አይቀበርም። ልጃቸው ፍቅፋቂ እንደበላ ወይም በእንዲህ ያለ አቧራ ውስጥ እንደቆየ የሚጠረጥሩ ወላጆች ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ወስደው ስለ እርሳስ መናገር ይኖርባቸዋል።

ሽታና እሳት

የውሃ ቀለም ሽታ በአየር ከተናፈሰ ቶሎ ይለቃል። የዘይት ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ ቲነርና አኳራጅ ግን የሚለቁት ተን ራስ የሚያዞር ብቻ ሳይሆን የሚቀጣጠል ነው። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ተንሸራትቶ ከሌላ ክፍል ያለ እሳት ጋር ሊገናኝ ይችላል። በሚቀባበት ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል፣ ዕጣን ማጨስ፣ ሻማ ማብራትና ሲጋራ ማጨስ በሥራው ቀናት መቆም ይኖርበታል። ለሠራተኞቹ ቡና ማፍላት መልካም ልማድ ነው፤ ምድጃው ግን ከቤት ውጭ፣ ከቀለም ጣሳ ርቆ ይሁን። የጋዝ ሲሊንደርም ተዘግቶ ከቤት ይወጣል።

በዘይት ቀለምና በቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ፣ በተለይ የተልባ ዘይትን የመሰለ የሚደርቅ ዘይት ካለበት፣ ያለ ምንም እሳት ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁ ተዘርግቶ ከቤት ውጭ መድረቅ ወይም በውሃ በተሞላ ባልዲ መቀመጥ አለበት። ለፈሰሰ ዘይት ማድረቂያ የተነሰነሰ ሰጋቱራም እንዲሁ ክምር ሆኖ አይታደርም።

ቲነርና ነጭ ጋዝ በተለምዶ ሃይላንድ በሚባለው የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገብቶ መቀመጥ የለበትም። መልኩ ውሃ ስለሚመስል የተጠማ ልጅ ይጠጣዋል። እንዲህ ያለ ነገር የጠጣ ሰው ፈሳሹ ወደ ሳንባ እንዳይገባ እንዲያስታውክ አይደረግም፤ ጠርሙሱን ይዞ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

ሥራው ሲጠናቀቅ

መሸፈኛው የሚነሣው ጠብታዎቹ ከደረቁ በኋላ ነው፤ ሸራው ወደ ውስጥ ታጥፎ ይወጣል። ከመጨረሻው ክፍያ በፊት ባለንብረቱና ቀለም ቀቢው በቀን ብርሃን ክፍሎቹን አብረው ቢያዩ፣ ቀድሞ የተነሣውንም ፎቶግራፍ ቢያነጻጽሩ የተረሳው ነገር በቦታው ይታረማል። ብሬከሩ የሚበራው ክዳኖቹ ሁሉ ከተመለሱና ስቱኮው ከደረቀ በኋላ ነው። ሽታው እስኪለቅ ድረስ በክፍሉ ማንም አይተኛበት፤ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አስም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከዚያም በኋላ ጥቂት ቀናት ቢታገሡ ይመረጣል።

ብሩሽ የታጠበበት ቲነር ወደ መጸዳጃ፣ ወደ ጎርፍ መውረጃ ወይም ወደ ወንዝ አይደፋም። በተዘጋ ጣሳ ከቆየ ቀለሙ ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራው ፈሳሽ ለሌላ እጥበት ያገለግላል። የተረፈው ቀለም ክዳኑ ጠብቆ፣ የቀለሙ ቁጥር፣ የተቀባበት ክፍልና ቀኑ በጣሳው ላይ ተጽፎ ልጆች በማይደርሱበት ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል።